ከዶሮ ማነቂያ እስከ ጀጎል፦ አምስት ቀን በሐረር

ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት ከሐረር በተመለስኩ በሳምንቱ ነው። የሄድኩበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። የእናቴ ቤት በመጋቢት በኮሪደር ልማቱ ፈረሰ። እናቴን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አስገባናት፤ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውኃም አለው። እሷ ግን እስካሁን ጠዋት ስትነሳ ቡና የምትጠራው ጎረቤት ትፈልጋለች። እኔ ሙያዬ ግንባታ ነው፤ 14 ዓመት በፎርማንነት ሠርቻለሁ። በነዚህ ዓመታት ብዙ አሮጌ ቤት በእኔ ትእዛዝ ፈርሷል። የራሳችን ሲፈርስ ቆሜ ሳይ ግን ከጣሪያው ይልቅ ያንገበገበኝ ደጃፉ ነበር። እናቴ በየቅዳሜው የምታጥበው የድንጋይ ደረጃ በአንድ የኤክስካቫተር ማንኪያ ተነስቶ መኪና ላይ ተጫነ።

ሐዘኔን ያየ አብሮኝ የሚሠራ የሐረር ልጅ፣ “አቦ፣ ጀጎል ቆሞ ሳለ ሂድና እየው” አለኝ። ጀጎል በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ነው። የአምስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ከለቡ ድሬዳዋ

ባቡሩ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነሳ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ፈተው “እንብላ” አሉኝ፤ እኔም ብርቱካኔን አወጣሁ። ከመኢሶ በኋላ ግመሎች ሐዲዱ ላይ ወጥተው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። እረኞቹ ልጆች ናቸው፤ ግመሎቹን በፉጨትና በድንጋይ አንድ በአንድ ሲያስወግዱ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያግዛቸው ነበር።

ድሬዳዋ ስንደርስ መሽቷል፤ ሙቀቱ ግን አልመሸበትም። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ራቅ ስለሚል ባጃጁ 250 ብር ጠየቀኝ፤ አልተከራከርኩም። ከዚራ ሠፈር ዛፎቹ ሥር እየተንቀሳቀስኩ የ20 ብር ሙሸበክ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ፣ በላሁ፣ አልጋ በ700 ብር ይዤ ተኛሁ። ፋኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር አደረ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8 ቀን። ደንገጎ፣ ሐረማያ፣ ሐረር

ፉል በ80 ብር በላሁና የሐረር ሚኒባስ ያዝኩ። ዋጋው 100 ብር ነበር። ደንገጎን ለመውጣት መንገዱ እንደ እባብ ይጠመዘዛል፤ በእያንዳንዱ ኩርባ ድሬዳዋ ከታች እያነሰች፣ አየሩም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ቅያሪው ጎማ ሲወርድ እሱም አየር የለውም። ረዳቱ ጎማውን ሌላ መኪና ላይ ጭኖ ወደ ላይ ሄደ፤ እኛ መንገድ ዳር ማንጎ የሚሸጡ ልጆች ዘንድ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን።

በዚያች ሰዓት አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ያጫወቱኝን እስከ መጨረሻው ቀን አልረሳሁትም። ገበሬ ናቸው፤ ከሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ሐረር ድሮ የምትጠጣው ከዚያ ሐይቅ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ጨርሶ ደረቀና ለከተማዋ ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ተገፍቶ ዳገቱን መውጣት ነበረበት። ሽማግሌው በደረቀው አልጋ ላይ ከብት ሲግጥ አይተዋል።

“ማን ነው ያደረቀው?” አልኳቸው።

“አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ እንጣላው ነበር” አሉኝ። “ለጫቱ አንዱ ፓምፕ አገባ፣ ሌላውም አገባ። ከተማውም ይጠጣል። ከተራራው ደግሞ አፈሩ ወረደበት። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የወሰደው፤ እኔም ወስጃለሁ።”

ጎማው ተሠርቶ መጣ፤ ጉዞ ቀጠልን። ሐይቁ ጋ ስንደርስ “እይ” ብለው ትከሻዬን ነኩኝ። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሷል። የድሮውን ያህል እንዳልሆነ ቢነግሩኝም፣ ወፎች ሰፍረውበት ፀሐይ ሲያርፍበት ሳይ ደስ አለኝ። እሳቸው እዚያው ወረዱ። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶት ተንፏቀቅን፤ ከዚያ በኋላ ሐረር ቅርብ ናት።

በመኪና የሚገቡበት የሐረር በር ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በኋላ የተከፈተ ስድስተኛ በር ነው። ከበሩ ውጭ ያለው አዲሱ ከተማ ሰፊ መንገድ፣ ባንክና ፎቅ ነው፤ የትም ክልል ከተማ የማየው ዓይነት። በሩን አልፌ ጀጎል ውስጥ ወዳለው አደባባይ፣ ወደ ፈረስ መጋላ፣ ስወርድ ግን ድምፁ ተለወጠ። የእግር ኮቴ ይሰማል። የመኪና ጡሩንባ ከኋላዬ ቀረ።

ማረፊያዬ ጀጎል ውስጥ ያለ የአደሬ (የሐረሪ) ቤት ነው፤ አንዲት ባልቴት የግቢያቸውን ሁለት ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ። አዳሩ ከቁርስ ጋር 900 ብር። “እማማ” ስላቸው ልጃቸው ሳቀችና “እዚህ አይ ነው የሚባሉት” አለችኝ። በሐረሪ ቋንቋ አው አባት፣ አይ እናት ማለት ነው። የከተማዋ ቅዱሳንም በዚሁ ነው የሚጠሩት፤ አው አባድር፣ አይ አቢዳ። እያንዳንዷ ሠፈር፣ እነሱ ቶያ የሚሏት፣ የራሷ አባት ወይም እናት እንዳላት ሰው ናት ማለት ነው። እኔም ከዚያ በኋላ አይ አልኳቸው።

ማታ የሐሙስ ምሽት ስለሆነ ከአንድ የአውሊያ (የቅዱስ ሰው) መቃብር በኩል የከበሮና የዚክር ድምፅ መጣ። አይ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው በከንፈራቸው ይከተሉ ነበር። ሆጃ ቀዱልኝ፤ የቡና አሸር (ገለፈት) በወተት ተፈልቶ ጨው ጣል የተደረገበት ነው። መጀመሪያ እንግዳ ሆነብኝ፤ ሁለተኛውን ስኒ ራሴ ጠየቅሁ።

አርብ፣ ግንቦት 9 ቀን። ጀጎል ውስጥ

ጠዋት ፈቲራ በማርና በእንቁላል ቀረበ። በልቼ እንደጨረስኩ አይ ዋናውን ክፍል ሊያሳዩኝ በሩን ከፈቱ።

ስለዚህ ክፍል ረጋ ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ። ወንበር የለም። ወለሉ ራሱ በተለያየ ከፍታ ተገንብቶ መቀመጫ ሆኗል፤ ነደባ ይሉታል፣ አምስት ናቸው። አሚር ነደባ የቤቱ ባለቤት ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያይበት ነው። ሌላው የሽማግሌና የእንግዳ፣ ሌላው የሴቶች፣ ከበሩ ኋላ ያለው ደግሞ በትሕትና ለሚቀመጥ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ ማንም አይናገርም፤ ቤቱ ይናገራል። ግድግዳው ላይ ከታች እስከ ላይ የስፌት ሥራ ተሰቅሏል፣ በግድግዳው ውስጥ በተቀረጹት መደርደሪያዎች ቁርኣንና ጥቁር የሸክላ ዕቃዎች ተቀምጠዋል። የነደባው ጠርዝና ወለሉ በቀይ አፈር ተቀብቷል። ቀዩ በጨለንቆ የወደቁትን ለማሰብ ነው ይላሉ፤ በ1879 ዓ.ም. የኤሚር አብዱላሂ ጦር በአፄ ምኒልክ ጦር የተሸነፈበት ጦርነት ነው። አይ ያንን ቀይ አፈር ከበዓል በፊት በእጃቸው ይቀቡታል። እጃቸውን አሳዩኝ፤ የጥፍራቸው ሥር ቀልቷል።

ግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ በእጄ ለካሁት። ድንጋይ በጭቃ ተገንብቶ፣ በየመሐሉ የእንጨት ማሠሪያ ተጋድሞበት፣ ላዩ በኖራ የነጣ ነው። ውጭ ፀሐይዋ ስታቃጥል ውስጡ ጓዳ ይመስል ቀዝቃዛ ነው። እኔ በምሠራባቸው ቤቶች ለዚህ ቅዝቃዜ መሣሪያ ተገዝቶ፣ መብራት ተከፍሎበት ነው።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። በግቢው ጀርባ ያለች አነስተኛ ክፍል ግድግዳዋ ባለፈው ክረምት ፈርሷል። ስድስት ሜትር ያህል ነው። ድንጋዩ እንደወደቀ ተከምሮ ሣር በቅሎበታል፤ ክፍቱን በላስቲክ ሸራ ሸፍነውታል። “ልጄ በብሎኬት እንሥራው ትላለች፤ እኔ ልቤ እምቢ አለኝ” አሉ። አጋጣሚ ሆኖ በአጥሩ ማዶ ጎረቤት ቤት አንድ አዛውንት ግንበኛ ይሠሩ ነበር። አይ ጠሯቸውና አገናኙን።

“ጋሼ፣ እኔም የእርስዎ ሙያ ሰው ነኝ” አልኳቸው።

“አቦ፣ እንግዲያው ና ግባ፣ ላሳይህ” አሉኝ።

የጎረቤቱ ግድግዳ ከአምስት ዓመት በፊት በሲሚንቶ ተለስኗል። ከሩቅ ሲያዩት ከአይ ግድግዳ ይልቅ አዲስና ጠንካራ ይመስላል። ግንበኛው በመዶሻቸው እጀታ መታ መታ አደረጉት። ከላይ ድምፁ ጥብቅ ነው፤ ወደ ታች ሲወርዱ ባዶ ሣጥን የተመታ ያህል ሆነ። መሮውን በስንጥቁ አስገብተው ቀስ ብለው ሲጫኑት ልስኑ እንደ ቂጣ ተገምጦ ወደቀ። የድንጋዩ ፊት አብሮት ተላጠ። ከኋላው ያለው ጭቃ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ጣቴን ስሰድ ገባ። ከመጋቢት ወዲህ የጣለው ዝናብ መውጫ አጥቶ እዚያው ተቀምጧል።

“በኖራ ሲሆን ይተነፍሳል” አሉ። “የጠጣውን መልሶ ያወጣዋል። ይሄ አፉን ታፍኗል። አንድ ቀን ሆዱ ይፈርጥና ሰው ላይ ይወድቃል።”

ትክክል ናቸው፤ ደረቅ ቆዳ እርጥብ ሥጋ ላይ እንደ መስፋት ነው። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ አስለስኜ፣ በሁለተኛው ክረምት ሲያብጥ አይቼ፣ ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ አላክኬ ነበር። ያ ሠራተኛ ጥፋት አልነበረበትም። እዚያ ቆሜ ይህ ሲገባኝ አፈርኩ።

ከሰዓት በፊት በ500 ብር አንድ ወጣት አስጎብኚ ይዤ ዞርኩ። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው፣ አንድ ሱሪ እዚያው ቆሜ በ60 ብር አሳጠርኩ። ሥጋ ገበያው ላይ ጭልፊቶች ሰማዩን ሞልተው ከሰው እጅ ይነጥቃሉ። የኤሚር ኑር መቃብር አረንጓዴ ጣሪያዋ በድንጋይ ጫፎች እንደ ጃርት የቆመ ነው፤ ደጇ ላይ ዕጣን ይጨሳል፤ ወጣቱ ጫማውን አውልቆ በዝምታ ገብቶ ወጣ። የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ መተላለፊያዎቹ በነጭ ልብስ ተሞሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ ሳሳልፍ ሰላምታ ሳይሰጠኝ ያለፈ ሰው አላስታውስም። ሰላቱ ካለቀ በኋላ ወደ ፈረስ መጋላ ወጥቼ መድኃኔ ዓለምን ተሳለምኩ።

ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። መዝገቡ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮች ይላል፤ ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቀሩ ናቸው። ይህ ሁሉ 48 ሄክታር ውስጥ ነው። ቁጥሩን ሳነብ መቃብር ማለት ሐውልት መስሎኝ ነበር። ግማሹ የሰው ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ፣ ነጭ የተቀባ ድንጋይ፣ ከኩሽና ጋር ግድግዳ የሚጋራ ትንሽ ክብ ቤት ነው። ሻማ የሚያበራ፣ ደጃፉን የሚጠርግ ሰው ከሌለ መቃብሩ በሁለት ክረምት ይጠፋል። ይህን በዓይኔ አየሁ፤ ወጣቱ አንድ ቦታ ወስዶኝ “እዚህ ጋ ነበር” አለኝ። ቤቱ ተሽጦ፣ ገዢው ከተማ ቀይሮ፣ ግቢው ተቆልፎ ቆይቷል። በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ የፈረሰ ካብና ቁልቋል ብቻ ነው።

በእንጨት ቅርጽ ያጌጠውን የራምቦ ቤትም አየሁ። የህንድ ነጋዴ የሠራው ቤት ነው፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ እዚያ መኖሩ ያጠራጥራል። ቤቱ ተጠግኖ አምሮ ቆሟል። ስም ያለው ቤት ጠጋኝ አያጣም። ከጀርባው ያሉትን ስም የለሽ ቤቶች ሳይ ነው ሆዴ የባባው፦ ጠፍጣፋው የአፈር ጣሪያ ሄዶ ቆርቆሮ መጥቷል፣ የግቢው በር ብረት ሆኗል፣ አንዱ ፎቅ ለመጨመር ከነባሩ ግንብ ላይ የኮንክሪት ምሰሶ አቁሟል። ባለቤቶቹን አልወቅስም። ቤተሰብ በዝቶ ክፍል ያስፈልጋል፤ የጣሪያ እንጨት እንደ ልብ አይገኝም፤ ቆርቆሮ ግን ዛሬ ገዝተህ ዛሬ ትመታዋለህ። የሐረማያው ሽማግሌ ቃል በየመታጠፊያው ትዝ አለኝ።

ማታ አይ ሁልበት መረቅ ሠርተው ጠበቁኝ። ከአብሽ የሚሠራ፣ ከእኛ ሹሮ ቀጠን ያለና በመረቅ የሚበላ ነው። ስለ ምግቡ እንጂ ስለ ግድግዳው አላነሳንም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10 ቀን። ግንቡን ዙሪያውን

ዛሬ ያለ አስጎብኚ ግንቡን በውጭ በኩል ዞርኩት። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ኤሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያሠሩት። ከፈላና በር ተነስቼ በኤረር በር፣ በሰንጋ በር፣ በቡዳ በርና በሸዋ በር አድርጌ ተመለስኩ። በሮቹ አምስት የሆኑት በአምስቱ ሰላት ነው ይላሉ። በዝግታ፣ እየቆምኩና ፎቶ እያነሳሁ፣ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ።

ግንቡ ግርጌ ላይ በየቦታው ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቦች ማታ ማታ የሚገቡባቸው ናቸው፤ ገብተው የቀኑን ትራፊ አጽድተው ከመንጋቱ በፊት ይወጣሉ። ለአውሬ መግቢያ የተተወለት ግንብ ሌላ ቦታ አላየሁም። አንዱ ቀዳዳ ፊት ለፊት ግን የግንባታ ትራፊ፣ የብሎኬት ስብርባሪና አሸዋ ተደፍቶ ግማሹን ዘግቶታል። አንድ ጎረምሳ ከእኔ ጋር ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ “እዚህ የለመደ ጅብ ነበር፤ አሁን ወዲያ ማዶ ይዞራል” አለኝ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ጎረምሳው አገዘኝ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን፤ እጄ ተላጠ።

ከሰዓት በኋላ ራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ጎበኘሁ። አንድ ሰው በግል ጥረቱ ከየቤቱ ያሰባሰበው ነው፦ በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች፣ የከተማዋ የጥንት ሳንቲሞች፣ የሙሽራ ልብሶች፣ ጎራዴዎች። መጻሕፍቱ እዚያው ይጠገናሉ፤ የተቀደደው ገጽ በስስ ወረቀት እየታገዘ፣ ቆዳው እንደ ጥንቱ እየተደጎሰ። እዚያ ስቆም ሐሳቤ ወደ ግንበኛው ሄደ። ለመጽሐፉ ጠጋኝ ተገኝቶለታል፤ ለግድግዳው ግን ሥራውን የሚችሉት በጣት የሚቆጠሩ አዛውንት ናቸው፣ እሳቸው እንደነገሩኝ ከልጆቻቸው አንዱም ሙያውን አልያዘም።

ማታ የአይ አፎቻ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አፎቻ እንደ እኛ እድር ነው፤ ለሠርጉም ለሐዘኑም የሚደርስ። አሥር የሚሆኑ እናቶች ስፌታቸውን ይዘው መጡ። ከአዲስ አበባ መምጣቴን ሲሰሙ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ ፒያሳ ነበር። “ኮሪደሩ እናንተን እንዴት አደረጋችሁ?” አሉኝ። ቃሉ እዚህም ደርሷል። የእናቴን ነገር አወራሁ። በስንት ቀን ውስጥ ለቃችሁ ወጣችሁ፣ ጎረቤታሞቹ አንድ ላይ ተሰጣችሁ ወይስ ተበተናችሁ፣ እድሩስ ምን ሆነ ብለው ጠየቁ። ተበትነናል፤ የእናቴ እድር አሁን በአራት አቅጣጫ ነው፣ ሐዘን ሲሆን ሁለት ታክሲ ተይዞ ነው የሚደረሰው። አንዷ እናት ስፌቷን አስቀመጠች። “እዚህስ አው ሁሉ ጎረቤት ነው፤ እኛ ብንነሳ ማን ጋ ትተናቸው?” አለች።

መንገድ ቢጠገን፣ ፍሳሹ መስመር ቢይዝ፣ ምሽት መብራት ቢኖር እነዚህ ሴቶች የመጀመሪያ ተጠቃሚ ናቸው፤ አጥብቀውም ይፈልጉታል። ፍርሃታቸው ሌላ ነው። ከውጭ የሚታየው ግንብና በር አምሮ፣ ውስጥ ያለው ቤት ለነዋሪው የማይቻል እንዳይሆን ነው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ለግንቡ ፊት የሚወጣ ብር ካለ ከእሱ ላይ ተቆርሶ ለአይ ግድግዳ ኖራና እንጨት፣ ለግንበኛው ደግሞ ሁለት ለማጅ ወጣቶች መቅጠሪያ መዋል አለበት ብዬ አምናለሁ። የተመዘገበው ከተማ ያለው እዚያ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 11 ቀን። ሒሳቡ፣ መመለሻው

ጠዋት ከመሄዴ በፊት አይ እስክሪብቶና ወረቀት አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። “ፎርማን ነህ አይደል? የግድግዳውን ዋጋ ቁረጥልኝ” አሉ። ግንበኛውን አስጠራኋቸውና ሦስታችን ድንጋዩ ክምር ላይ ተቀምጠን አሰላን።

ስድስት ሜትር በሦስት ሜትር ግድግዳ በብሎኬት ሲሆን ብሎኬቱ፣ ሲሚንቶው፣ አሸዋውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ 28 ሺህ ብር ግድም ይደርሳል፤ በአራት ቀን ያልቃል። በድሮው አሠራር ድንጋዩ እዚያው ስላለ አይገዛም፤ ግን ግንበኛው ከሁለት ረዳት ጋር ሦስት ሳምንት ይፈልጋሉ፣ ማሠሪያ እንጨቱና ኖራው ተጨምሮ 45 ሺህ ብር አካባቢ ነው። ልዩነቱ 17 ሺህ ብር። ለአይ ይህ የ19 እንግዳ አዳር ነው፤ እንግዳ ደግሞ በየቀኑ አይመጣም። ብሎኬቱ ከነባሩ ግንብ ጋር እንደማይጣበቅ፣ መገናኛው ላይ እንደሚሰነጠቅና ውኃ እንደሚያስገባ ነገርኳቸው፤ ያንንም ጻፍኩት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ከቁርኣኑ በታች ባለው መደርደሪያ አኖሩት።

የሦስት ሌሊቱን 2,700 ብር ስከፍል 200 ብሩን መለሱልኝ፤ “የምሕንድስናው ነው” አሉ። ለእናቴ ትንሽ ሰፌድ ሰጡኝ። መኪና መናኸሪያ ድረስ ሰማያዊዋን አሮጌ ፔዦ ያዝኩ፤ ሾፌሩ ከአባቱ የወረሳት ናት፣ 100 ብር አስከፈለኝ። ደንገጎን ስንወርድ ጎማ አልተነፈሰም።

እናቴ ሰፌዱን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ምስማር ጠየቀችኝ። የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ምስማር አልቀበልም ብሎ ሁለት አጎበጠብን፤ በመጨረሻ በድሪል በሳሁት።

ትናንት ለአይ ደወልኩ። ላስቲኩን ነፋስ ቀዶት ሌላ ለውጠዋል። አፎቻው 6 ሺህ ብር አዋጥቷል፤ ልጃቸው ኖራውን ገዝታ ጉድጓድ ውስጥ ነክራዋለች። ድንጋዩን የሠፈሩ ልጆች በትልቅና በትንሽ ለይተው ደርድረውታል። ግንበኛው ከአረፋ በኋላ እጀምራለሁ ብለዋል።